ከጎሳ የማይቆጠሩ

«ደግሞ ሰረዙት» አለች ማክዳ።

ሃይሚ ወንበሯን ስባ ስክሪኑን አየች። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ባዶ ነው፤ ሁለቱ ብቻ ምሳ ሳይበሉ ቀርተዋል። ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ፣ ስለ ወላይታ በሚናገረው ገጽ ላይ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ተመልሳ ቁጭ ብላለች። «ሕዝቡ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የረባ አስተዳደር አልነበረውም።» ትናንት አጥፍተዋት በምትኳ ስለ ካዎዎቹ፣ ማለትም ስለ ወላይታ ነገሥታት፣ ስድስት መስመር ጽፈው ነበር። ስድስቱም የሉም። «ታሪክ ጠባቂ» ብሎ ራሱን የሰየመ አራሚ ይህን ብቻ ትቶላቸዋል፦ «የቃል ወሬ ምንጭ አይሆንም። የነበረው ግን ምንጭ አለው።»

«ምንጩ ምንድን ነው?» አለች ሃይሚ።

ማክዳ የግርጌ ማስታወሻውን ከፈተችው። አንድ ፈረንጅ መንገደኛ ከስልሳ ዓመት በፊት የጻፈው መጽሐፍ ነው። «መግቢያው ላይ ራሱ ሶዶ አሥር ቀን ቆየሁ ይላል። አሥር ቀን ያደረ ሰው ምንጭ ሆኖ የኔ አያት ወሬ ሆነ።»

የማክዳ አያት የሚኖሩት ገሱባ ከተማ ነው። ነገሥታቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ሳይሳሳቱ ይቆጥራሉ። አባቷም ቢሆን ቤታቸው የገባን እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ጎሳውን ይጠይቃል። እንግዳው አባቶቹን ይቆጥራል፤ የሆነ ቦታ ላይ ከተዛመዱ ሰላምታው ከሳቅ ጋር እንደገና ይጀመራል። ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ የሚዞር ሰው ነው እንግዲህ የረባ ነገር አልነበረውም የተባለው።

ሃይሚንም የማክዳ አባት አንድ ጊዜ ጠይቋት ያውቃል። «አላውቅም ጋሼ» ብላ ሳቀች። አባቷን ገረመው፤ ማክዳ ግን ልብ አላለችውም።

መላ ያገኘው የኮምፒውተር መምህራቸው ቲቸር እስራኤል ነው። ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤቱ መደርደሪያ ላይ ጠርዙ የተበላ፣ በአማርኛ የተጻፈ የአካባቢ ታሪክ መጽሐፍ ይዞላቸው መጣ። «የታተመ አምጡ ካሉ ይኸው የታተመ» አለ። ልጆቹ ምዕራፎቹን ተከፋፈሉ። ነገሥታቱና ጦርነቱ ለሃይሚ፣ የሕዝቡ አኗኗር ለማክዳ ደረሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር የገጽ ቁጥር አስቀመጡ። በዚህኛው ጊዜ የሰረዘው የለም። ያቺ ዓረፍተ ነገርም ጠፋች።

ዓርብ ዕለት የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ተሰበሰቡ። ቲቸር እስራኤል ገጹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየና ሃይሚን እንድታነብ ጠየቃት። ሃይሚ ድምፅዋ ያምራል። ስለ ነገሥታቱ ስታነብ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። ቀጥላ የማክዳን ክፍል ጀመረች። ጎሳዎቹን በስም በስማቸው አነበበችና ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ገባች።

«ሸክላ ሠሪዎች ከጎሳ አይቆጠሩም። የረከሰ ሥጋ ስለሚበሉ ንጹሕ ሰው አብሯቸው...»

ቆመች። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ሃይሚ «ዓይኔን አሞኛል» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ማክዳ ቧንቧው ጋ ደረሰችባት።

«ምን ሆንሽ?»

«ዓይኔን አልኩሽ።»

«ባክሽ አትዋሺኝ።»

ሃይሚ ፊቷን ታጠበች፤ ቧንቧውን ሳትዘጋው ተናገረች። «ቅዳሜ እኛ ቤት ነይ ስትዪኝ መጥቼ አውቃለሁ?»

«ሁሌ ሥራ አለብኝ ነው የምትዪው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናትሽ ድስት የሚሸጡት ሴትዮ አያቴ ናቸው።»

እማማ ባዳቾ። ከጉኑኖ በኩል ሸክላቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚመጡት። ማክዳ ያንን አንቀጽ እሑድ ከቸርች መልስ ነበር የገለበጠችው። ስትገለብጠው እጇ አላመነታም፤ የገጽ ቁጥሩን እንዳትሳሳት ብቻ ነበር የተጨነቀችው።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ መጽሐፉ ነው» አለች። ከአፏ እንደወጣ ራሷም ጠላችው።

«ያ የሰረዘብን ሰውዬም እንደዚያ ነው ያለሽ። ምንጭ አለው» አለች ሃይሚ። «ጎሳማ አለን። አባትሽ ሲጠይቀኝ አላውቅም ያልኩት ፈርቼ ነው። ብነግረው ቤታችሁ ድጋሚ የምጠራ ይመስልሻል?»

ማክዳ አዎ ማለት ፈለገች። አባቷን ግን ታውቀዋለች።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ አንቀጹን ሰረዘችው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ታሪክ ጠባቂ» መለሰውና ማስጠንቀቂያ ጻፈላት። «ምንጭ ያለው ጽሑፍ አይሰረዝም። ከደገምሽ አካውንትሽ ይዘጋል።»

«ተይው በቃ» አለ ቲቸር እስራኤል። «ገጹን በሙሉ አስተካክለናል። ለሁለት መስመር ብለሽ ይዘጋብሽ? ነገ ያ የድሮው ቢመለስ ማን ሊከላከል ነው?»

እውነቱን ነበር። ማክዳን ይበልጥ ያናደዳትም እውነቱን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማክዳ ስልኳን እንደያዘች ከፈተች። እማማ ባዳቾ ሸክማቸውን አውርደው ሁለት ድስትና አንድ ገንቦ ከበሩ ውጭ ደርድረዋል።

«ማኪ፣ ለሸክላዋ ሴትዮ ውኃ ስጪያት» አለች እናቷ ከጓሮ።

ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ተንጠልጥሏል። የቤቱ ሰው አይጠጣበትም። ውጭ ቧንቧ ላይ ይታጠባል፤ ተመልሶ እዚያው ይሰቀላል። ማክዳ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በዚያ ኩባያ ውኃ አቀብላለች። ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ የነገራትም የለም። እጇን ወደ ሚስማሩ ዘርግታ መለሰችው። ሳሎን ገባችና ከቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች አንዱን አወጣች።

እናቷ ከጓሮ ስትመጣ አየቻት። «ማክዳ» አለች፤ ማኪ አላለችም።

ማክዳ ብርጭቆውን አልመለሰችም። ብርጭቆውን ሞልታ ወደ በሩ ሄደች። «እማማ፣ ይግቡ። በረንዳው ላይ ወንበር አለ።»

እማማ ባዳቾ መጀመሪያ የማክዳን እናት አዩ፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን። አሮጊቷ ብርጭቆውን ተቀብለው ገቡና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማክዳ ደረጃው ላይ ከጎናቸው ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። አንቀጹን መረጠች፣ ሰረዘችው። ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ «ይህን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የተጻፈባቸውን ሰዎች ግን ማንም አልጠየቃቸውም» ብላ ጻፈችና ላከችው። መልሱን አልጠበቀችም። ስልኩን ደረጃው ላይ በፊቱ ደፋችው።

ከዚያ አባቷ እንግዳ ሲገባ የሚጠይቀውን በወላይትኛ ጠየቀች።

«እማማ፣ ጎሳዎ ምንድን ነው?»

እማማ ባዳቾ ቀና ብለው አዩዋት። ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከአባታቸው ጀምረው ይቆጥሩ ጀመር።