ከማኅበሩ ጽዋ በቀር

መቶ አለቃ ይርጋለም የሰው አሟሟት እንዲያጣራ የተላከ ፖሊስ ነው። አንኮበር የደረሰው ማልዶ ነው፤ የወልደተንሣኤ አስከሬን በሚካኤል ማኅበር ቤት መደብ ላይ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ትናንት ጽዋውን የቀዱለት መምሬ ገብረ ጻድቅ ደጅ ላይ የፊጥኝ ታስረዋል። አገሩ «መርዘውታል» ብሎ ፈርዷል፤ ይርጋለም እውነቱን ካላወጣ ሽማግሌው ወህኒ መውረዳቸው ነው።

የመጣው በዶክተር ዘርአ ዳዊት ላንድሮቨር ነው። ዶክተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ጠጪዎችን በኪኒን ያክማል፤ ስንቱ እንደሚድንም ያጠናል። ይርጋለም ራሱ የዶክተሩ በሽተኛ ነው። ሟቹም ነበር፤ ግን ኪኒኑን ጥሎ ጠበል ገባ።

«መምሬ፣ መጠጥ የተወ ሰው አልነበረም እንዴ? ለምን ቀዱለት?»

«እኔው ነኝ የገዘትሁት፤ ከማኅበሩ ጽዋ በቀር እንዳይቀምስ። የመልአኩን ጽዋ ማን ይከለክላል፣ ልጄ?»

«ባለፈው ወርስ ጠጥቶ ምን ሆነ?»

«ምንም! ትናንት ግን ሁላችን ከአንድ ጋን ጠጥተን እሱ ብቻ ፊቱ ደም መሰለ፤ ልቤን አለ፤ አስመለሰውና ወደቀ።»

ይርጋለም የገዛ ኪሱን ዳበሰ። ይህን ሕመም ያውቀዋል። ክረምት ላይ ኪኒኑን ውጦ አንዲት መለኪያ አረቄ ሰርቆ ጠጥቶ፣ ሞቴን አየሁ ብሎ ነበር።

ሚስትየዋን አልታየችን ፈልጎ አገኛት። ስታለቅስ እጇ ከመቀነቷ አይለይም።

«እህቴ፣ ምን ቋጥረሽ ነው?»

«የደም ማነስ መድኃኒቱን ነው። ዶክተሩ ገበያ ላይ አግኝቶኝ ‹ለደም ማነሱ ነው› ብሎ ሰጠኝ። ‹ኪኒን ሲያይ ይሸሻል፤ ፈጭተሽ በበሶው ደባልቂለት› አለኝ። ከሰኞ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አበላሁት።»

ይርጋለም ሁሉንም አስከሬኑ ዘንድ ሰበሰበ። የአልታየችን ኪኒንና ከኪሱ ያወጣውን የራሱን መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱም ላይ ያው መስቀለኛ ጭረት አለ።

«ጠላው መርዝ ቢሆን ሁላችሁም ታልቁ ነበር። ወልደተንሣኤ ባለፈው ወር ጠጥቶ በሰላም ሄዷል። በዚህ ወር የተጨመረ ነገር ቢኖር በሶው ውስጥ ያለው ይኸ ነው። መጠጥ ካገኘው ልብ ያቆማል። የዋጠ እንደሆን ደግሞ ዶክተሩ በጥናቱ ‹ጠበሉ ሳይሆን ኪኒኔ አዳነው› ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።»

«መጠጥ ጨርሶ ትቷል ብለው ነገሩኝ!» አለ ዘርአ ዳዊት። «ልገድለው አላሰብሁም!»

«አላሰቡም። ግዝቱን ግን መምሬን አልጠየቁም፤ ሰውየውንም አልጠየቁም። ጠበል አዳነው ከሚባል በስውር ቢያበሉት መረጡ።»

መምሬ ተፈቱ፤ የተላላጠ እጃቸውን እያሻሹ ገቡ።

አልታየች መሬት ላይ ተቀምጣለች። «በእጄ አበላሁት» አለች። «ሰው ደግሞ ሰክሮ ሞተ ይላል። መቶ አለቃ፣ ባሌ ድኖ አልነበረም?»

ይርጋለም አጠገቧ ቁጢጥ አለ። እንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

«ድኖ ነበር፣ እህቴ። ሳንጠይቀው ነው የገደልነው።»