ነጻ ከተባለች በኋላ

በአምቦ ከተማ ነዋሪ የሆነችው ወይዘሪት ቢሊሴ ቶሌራ፣ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ሥራዋ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከጥቅምት ሦስት ቀን ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ዳቦ መብላት ማቆሟ ለሚመለከተው ሁሉ ይገለጻል። መቃወሚያ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል።

የተቃወመ አልነበረም። ያስተዋለም አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በስተቀር፤ እሱም ያስተዋለው በማይሆን በኩል ነው።

ቶኩማ ፈይሳ ይባላል። ከከተማው የግል ክሊኒኮች በአንዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። በሌላ የፍቅር ታሪክ ወንዱ መጀመሪያ የሚያየው የሴቷን ዓይን ነው፤ ቀጥሎ ፈገግታዋን፣ ቀጥሎ አረማመዷን። ቶኩማ መጀመሪያ ያየው ሰገራዋን ነው። በአጉሊ መነጽር። ለሁለት ዓመት፣ በየወሩ ማለት ይቻላል፣ «ቢሊሴ ቶ.» የሚል ፕላስተር የተለጠፈበት ትንሽ ብልቃጥ ይደርሰዋል። ያያል፣ «ምንም ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም» ብሎ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፣ የብልቃጡ ባለቤት የጃርዲያ መድኃኒት ይዛ ትወጣለች። በሚቀጥለው ወር የአሜባ። ከዚያ የታይፎይድ። ከዚያ ጨጓራ ነው ተብላ እንዳትናደድ ትመከራለች።

ከጥቅምት በኋላ ብልቃጡ ቀረ። ኅዳር መጣ፣ የለም። ታኅሣሥም የለም። ቶኩማ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል፤ የሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ዓይነቱን ናፍቆት ምን ብለው እንደሚጠሩት አያውቅም። ለጓደኛ የሚነገር ነገርም አይደለም።

ጥር መግቢያ ላይ ጋውኑን አውልቆ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደና በመዝገብ ቤቱ መስኮት ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ከመስኮቱ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ የለበሰች፣ አንገቷ የሰለለ ልጅ ተቀምጣለች።

«የመዝገብ ቁጥር?» አለች ቀና ሳትል።

«የለኝም።»

«አዲስ ክስ ነው?»

«አይ። ቢሊሴ የምትባል ሰው ፈልጌ ነው።»

ቀና አለች። «እኔ ነኝ። ምን ነበር?»

«ከክሊኒኩ ነው የመጣሁት። ከላቦራቶሪ።» ከኋላው የተሰለፉትን ባለጉዳዮች አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ናሙናሽ ቀረ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ነው።»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችው። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ከፊቷ ላይ ሥጋው ሲያልቅ እሱ ቀርቶ ይሆናል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለባትም እያልክ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንም አላነበበልህም» አለች። «አይዞህ። እኔም የምውለው ወረቀት ጋ ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ በአንዲት ሻይ ቤት ሽሮ እየበሉ ነገረችው። መስከረም መጨረሻ ላይ ለሥልጠና እንጭኒ ሄዳ ነበር። ያረፈችበት ቤት ከጤፍ እንጀራ ሌላ አያቀርብም። በአምስተኛው ቀን ሆዷ ዝም አለ። አምቦ ተመልሳ ቁርሷን በዳቦ በላች፣ ሆዷም ተመለሰ። በቃ፣ ዳቦውን ተወችው። አሁን አራት ኪሎ ጨምራለች።

«ደስ አላለሽም?»

«ምኑ?»

«መሻልሽ።»

አሰበችበት። ሰው እንዴት ነሽ ሲላት «ደህና» ትላለች፤ መዋሸት ፈልጋ ሳይሆን ገብታ ለማየት ስለሚደክማት ነው። «ደስ ማለት እንዴት እንደነበረ ረሳሁት መሰለኝ» አለች። «ይመጣ ይሆናል።»

«እንግዲህ እንጠብቃለን።»

«እንጠብቃለን» ያለውን ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም አላነሱትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ምሳ አብረው ይበሉ ጀመር።

ዶክተር ወሰኑ ወደ ክሊኒኩ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ታይፎይድ የምትለውን ቃል በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ስላልተጠቀመ ባልደረቦቹ ገና አልለመደም ይሉታል። ቶኩማ የቢሊሴን ነገር ሲነግረው ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለ ነገረው፦ ስንዴና ገብስ ወደ ሆድ ሲገባ ሰውነት ጠላት የመጣ መስሎት የገዛ አንጀቱን ያቆስላል። ደሟ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ። በየካቲት አጋማሽ ውጤቱ መጣ። ኔጌቲቭ።

ቢሊሴ ለእናቷ «ነጻ ነው አሉ» ብላ ነገረቻት። ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው።

እናቷ አዴ ሲንቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረቤት ዓይን የበላት ሴት ናት። ልጅዋ ስትከሳ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃለች፤ ራሷም በየሌሊቱ ያንኑ ነበር የምታስበው። ለእሷ ደም አንድ ነው፣ ምርመራውም አንድ ነው። እሑድ በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ወገኖቼ፣ በልጄ ምን ሲባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ደሟ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተመረመረ። ልጄ ነጻ ናት።»

ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። ቢሊሴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አንገቶች ወደ እሷ ሲዞሩ አየች። በዚያ ዘመን «ነጻ» የምትለው ቃል የምትጠራው አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ኤች አይ ቪ። ተነሥቶ «ስለ ስንዴ ነው» ማለት ይቻል ነበር። አልተነሣችም። ማፈር እንዳለባት ገባት፣ ግን ማፈሩም አልመጣም።

ከሁሉ በላይ ደስ ያለው የቶኩማ አባት ኦቦ ፈይሳ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ልጁ ከዚህች ከሲታ ልጅ ጋር ምሳ እንደሚበላ ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። በዚያው እሑድ የቶኩማን ትከሻ ያዘና «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ዶክተር ወሰኑ ግን በማግስቱ ሁለቱን አስጠራቸው።

«አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ነው የላክሁት። ደምሽ ሲቀዳ ዳቦ ትበዪ ነበር?»

«ከተውኩ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር።»

ሐኪሙ ግንባሩን አሸ። «የት ነበር የምትሠሪው?»

«ፍርድ ቤት።»

«ተከሳሹን ሳታቀርቡ ምስክር ይለይላችኋል?»

«ምስክሩ ማንን አይቶ?»

«እንደዚያው ነው። ስንዴው ከሌለ ደሙ የሚናገረው የለውም። ኔጌቲቭ ማለት የለብሽም ማለት አይደለም፤ አልታወቀም ማለት ነው። ማወቅ ከፈለግሽ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ዳቦ ትበያለሽ። ከዚያ አዲስ አበባ በአፍሽ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከአንጀትሽ ቅንጣት ሥጋ ወስደው ያያሉ። ማወቅ ካልፈለግሽ ደግሞ ተሽሎሻል፣ ዳቦውን ትተሽ ኑሪ።»

ወጥተው እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድረስ ሄዱ። ድልድዩ አጠገብ ቆሙ።

«ተሽሎሻል» አለ ቶኩማ። «ለምን አንተወውም? ስድስት ሳምንት ትታመሚያለሽ። ያውም ሽማግሌ በሚመጣበት ወር።»

«ቤታችሁ ስገባ እናትህ የስንዴ ጨጨብሳ ሠርታ ልታጎርሰኝ እጇን ትዘረጋለች። ምን ልበላት?»

«አይስማማኝም ትያታለሽ።»

«ሙሽራ የአማቷን እጅ አይስማማኝም ትበል?» ወደ ውኃው እያየች ነው። «ወረቀት ከሌለኝ ንቀት ነው፣ ቶኩማ። ወረቀት ካለኝ በሽታ ነው። በሽታ ይሻለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ በየቤቱ ስከራከር ልኑር?»

ቶኩማ ነገሩን ወደ አባቱ ወሰደው። አባቱ መልስ ነበረው።

«ከነጻ በኋላ ምን ምርመራ አለ?» አለ ኦቦ ፈይሳ ሲሰማ። «ነጻ ናት ተብሎ በጉባኤ ተመስክሯል። ደግሞ የምትመረመረው የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው። ምርመራውን ትተወውና ሽማግሌው ይሄዳል። ካልተወችው እዚያው ምርመራዋ ላይ ትቆይ።»

«የተመረመረችው ሌላ ነው፣ አባ። የስንዴ ነው።»

«ስንዴ በደም ይመረመራል?» አለ ኦቦ ፈይሳ፤ አርባ ዓመት ያስተማረበትን ሳቅ ሳቀ። ሽማግሌው ቀረ።

ሚያዝያ ገባ። ሌላው ለፍቅረኛው ኬክ ይገዛል፤ ቶኩማ በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁለት ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሁሉቃ ይመጣል። ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ይቆርሳል፣ እሷ ትበላለች።

«ዛሬ ትኩስ ነው» ይላታል።

«መርዙን ደግሞ ትኩስ ትኩሱን» ትላለች፤ ትስቃለች ለማለት ግን ይከብዳል።

በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ተነፋ። በሦስተኛው እየተጠማዘዘች ከቢሮ መቅረት ጀመረች። አራቱም ኪሎ ሄደ። አዴ ሲንቄ «ኢንተሎ ኮ፣ ልጄ፣ ምስክርነቴን ምን አደርገዋለሁ?» ትላለች። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቶኩማ ዳቦውን ቆርሶ እጁ ላይ ያዘው፤ መስጠት አቃተው።

«ስጠኝ» አለች።

«ዛሬ ይቅር።»

«ይቅር ካልክ እንደገና ከአንድ ልጀምር ነው?»

እጁን በእጇ ይዛ ወደ አፏ አመጣችውና ከመዳፉ ላይ በላች። በዕድሜው ሰውን ያጎረሰበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለውም። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ እሷ ሁለተኛውን ዳቦ ፈታች።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ሄዱ። ነርሷ ጉሮሮዋን በመድኃኒት ረጨቻት፤ ቱቦው ገብቶ ወጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንዴት ነሽ?»

«ጉሮሮዬ ደንዝዟል።»

«እሱ በአንድ ሰዓት ይለቃል ብለዋል።»

«ሌላውስ?» አለች። የጠየቀችው ደስ ማለት ስለረሳው ልቧ እንደሆነ ገባው። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት። አምቦ እስኪደርሱ አውቶቡሱ ውስጥ ተደግፋው ተኛች።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሊኒኩ ደረሰ። ዶክተር ወሰኑ አንብቦ «ፖዚቲቭ ነው» አላቸው። «አንጀትሽ ልክ እንደጠረጠርነው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ በቃሽ።»

«ማኅተም አለው?» አለች ቢሊሴ።

«አለው።»

«ክብ ነው?»

«ክብ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበለችና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ግን አልጠረገችውም፤ የራሷ ነገር መሆኑ ታወቃት።

ኦቦ ፈይሳ ከውጭ የገባው ይኼን ጊዜ ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ውጤቱ እንደመጣ ሰምቶ ከቤቱ በእግሩ ነው የመጣው። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰባት ሕመምተኛ ተራ ይጠብቃል፤ ግማሹ የሱ ተማሪ የነበረ ነው። ቢሊሴ ተነሥታ እጅ ነሣች። ራሱን ነቀነቀላትና አጠገቧ የቆመውን ልጁን አየ።

«ምን ወጣ?»

ቶኩማ «ነጻ ናት» ብሎ መገላገል ይችል ነበር። ወረቀቱን የሚያነበው የለም፤ ግን ስድስት ሳምንት ዳቦ የበላችው ለዚህች ቃል ነበር።

«ፖዚቲቭ» አለ።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ማል ጄቴ? ምን አልክ?»

«ፖዚቲቭ። የስንዴ በሽታ ነው፣ ሴሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ አትበላም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። አለመብላት ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕድሜዋ።»

«ልጆችስ?»

«ሊወርሱት ይችላሉ። ላይወርሱትም ይችላሉ።»

ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረው። የዚህን ሁሉ ሰው ዓይን ያውቀዋል፤ ነገ ከተማው ውስጥ የሚቀረው የመጀመሪያው ቃል ብቻ እንደሆነም ያውቃል። ልጁም እንደሚያውቅ ከፊቱ አየው።

«ጤነኛ ሴት ጠፍታ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልጠፋችም።»

«ይሄ ሁሉ እንዳለባት እያወቅህ ልታገባት ነው?»

«አዎ። ሽማግሌ ላክልኝ። ካልላክህ ሌላ ሰው እለምናለሁ።»

«ለምን? ምክንያቱን ንገረኝ። አባትህ ነኝ።»

ቢሊሴ ከወረቀቱ ላይ ቀና አለች። ምክንያቱን ለመስማት ፈለገች፤ የሆነ ነገር አጥብቃ ከፈለገች ስንት ጊዜዋ ነው። አግዳሚው ሙሉ ይጠብቃል።

ቶኩማ ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ወደ አባቱ።

«ለዚህ ወረቀት አያስፈልግም» አለ። «አላብራራም።»