ወንዝ ዳር የታጠፈው ጋቢ

ማንም ሳይነካው በፊት ጋቢው ርብ ወንዝ ዳር በአራት ታጥፎ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበት ነበር። ጫማዎቹ ከጎኑ ተደርድረዋል። የሌሊቱ ዝናብ ዳና የሚባል አላስቀረም። የደራሲው የአያልነህ አስከሬን የተገኘው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ካወረደው የግራር ግንድ ጋር ተያይዞ ነው።

ኢንስፔክተር ሰገን ጋቢውን በደንብ ካየችው በኋላ ወደ ወረታ ተመለሰች። ወሬው ቀድሟታል፤ አያልነህ ልቦለዱን ፊልም አድርገው ስላበላሹበት ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ ይባላል። ቄስ ኃይለ ሚካኤል አንገታቸውን ደፍተው፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ፍትሐት እንደማይደረግለት ነገሯት። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ድንቅነሽ ክንዷን ይዘው አስቀሯት።

«መሞቱንስ እችለዋለሁ፣ ልጄ። እንደ ውሻ ግን አይቀበርብኝ።»

በዋዜማው ከአያልነህ ጋር የታዩት ሦስት ናቸው። ታናሽ ወንድሙ አማረ ሩዝ አምራች ነው፤ በማሳ ድንበር የተነሳ ከወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ከርሟል። ፊልሙን አይቶት እንደሆነ ስትጠይቀው ሳቀባት።

«በአጨዳ ሰሞን ፊልም? ወፏን ማን ይጠብቅልኝ?»

የፊልሙ አዘጋጅ ንብረት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ከደራሲው ጋር ክፉኛ መጣላቱን አልደበቀም። መሪ ተዋናዩ ክንዴ ደግሞ እያለቀሰ ተቀበላት። በዚህ ፊልም የመጀመሪያውን ትልቅ ሚና ማግኘቱን፣ ልቦለዱንም ደጋግሞ ማንበቡን ነገራት።

«ጋሽ አያልነህ ልክ እንደጻፉት ሞቱ» አላት።

ሰገን ልቦለዱን ተውሳ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከሰዓት በኋላ ገና ለሕዝብ ያልቀረበውን ፊልም በንብረት ኮምፒውተር ላይ አየች። ከዚያም ሁሉንም፣ ቄሱንና ወይዘሮ ድንቅነሽን ጨምሮ፣ ከለቅሶው ድንኳን ሰበሰበቻቸው።

«ክንዴ፣ ልቦለዱ እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ጋቢውን አጥፎ ዳር ያስቀምጥና ይገባል። ይሰምጣል።»

ንብረት ቀና ብሎ አየው።

«እሱ ፊልሙ ነው» አለች ሰገን። «በልቦለዱ ሰውየው ምጥ ወደያዛት ሚስቱ ለመድረስ ወንዙን ይሻገራል። ጋቢውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ይገባል፤ በወዲያኛው ዳር በሕይወት ይወጣል።»

«እንግዲያስ!» አለ አማረ። «ዳር ትቶት ቢገባ ለማን ነው? ለጦጣ?»

«ስለዚህ ያንን ጋቢ ያጠፈው ፊልሙን ያየ ሰው ነው፤ አማረ አላየውም። አቶ ንብረት፣ እርስዎ መጽሐፉን ያውቁታል። ጠባችሁ በምን ነበር?»

«በዚሁ በጋቢው» አለ ንብረት። «‹የፎገራ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ የጻፍኩትም ስለሚኖር ሰው ነው› አሉኝ። እኔ ደግሞ ለካሜራ ያምራል አልኩ። ትናንት ግን አሸነፉኝ፤ ትዕይንቱን ላወጣው ተስማማሁ።»

«አያልነህ ያንን ትዕይንት ምን ያህል እንደጠላው ያወቀ ሰው፣ በዚያው መልክ ሞተ ብሎ ሊያሳምነን አይሞክርም። የሞከረው ጠቡን ያልሰማ፣ መጽሐፉንም ያላነበበ ነው። ትዕይንቱ መውጣቱን ለክንዴ ማን ሊነግረው ነበር?»

«ራሳቸው» አለ ንብረት። «‹ልጁ እንዳይከፋው እኔ ልንገረው› ብለው ይዘውት ወጡ።»

ክንዴ ብዙ አልተከራከረም። ወንዝ ዳር ቆመው ጋሽ አያልነህን ለምኗቸዋል፤ ሰው የሚያስታውሰው ያችን ትዕይንት ብቻ ነው ብሏቸዋል። እምቢ ሲሉት ከትከሻቸው ላይ ጋቢውን ጨምድዶ ገፋቸው፤ ውሃው ወሰዳቸው። በእጁ የቀረውን ጋቢ አጠፈው፤ ሲወድቁ ከእግራቸው የወለቁትን ጫማዎችም አጠገቡ ደረደረ።

«መጽሐፉን ለምን አላነበብከውም?» አለችው ሰገን።

«የምጫወተውን ድርሻ ብቻ ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር» አለ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ እሱን አላዩትም። ዓይናቸው ቄሱ ላይ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያልነህ ፍትሐት ተደርጎለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ ከአባቱ መቃብር በስተምሥራቅ ተቀበረ።