እዚያ ማዶ የምትወቅጠው ሴት

ካንላያ ምግብ ቤቱ ገብታ ገና ወንበር ሳትስብ፣ ዓይኗ ከሙቀጫው ኋላ ከቆመችው ሴት ዓይን ጋር ተጋጨ። ወንበሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አክስቷ ቡዋላይ ነበረች! ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ከኢሳን ገጠር አውጥታ፣ ባንኮክ መንገድ ዳር የፓፓያ ሰላጣ እየወቀጠች፣ እየሸጠች ያሳደገቻት አክስቷ። እዚህ ምግብ ቤት መቀጠሯን ካንላያ አልሰማችም፤ ከደወለችላት ወር አልፏታል። ፍቅር የያዘው ሰው ለዘመድ መች ጊዜ አለው!

«ምን ሆነሻል? ተቀመጪ እንጂ» አላት ፍቅረኛዋ ዊሮት።

ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የዊሮት እናት ወይዘሮ ሱፓኒ አሉ። እናትና ልጅ የሚያውቋት ባንኮክ የተወለደች፣ ወላጆቿ የሞቱባት፣ አንድም ዘመድ የሌላት ልጅ አድርገው ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የኢሳን ልጆች ባላገር እየተባሉ ሲሾፍባቸው ሰምታ፣ ፈርታ የጀመረችው ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ መመለሻው ጠፋባት።

ቡዋላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። አሁን ስሜን ትጠራዋለች... ብላ ካንላያ ትንፋሿን ዋጠች።

«ምን ልታዘዝ?» አለች አክስቷ፣ እንደማያውቃት ሰው። ነገሩ ገብቷት ነበር።

«የፓፓያ ሰላጣ፣ ጥብስ ዶሮ፣ ሩዝም ጨምሪ» አሉ ወይዘሮ ሱፓኒ።

«ሰላጣው የቦካ ዓሣ ይግባበት?»

«ለእኔ ይግባ። ለአንቺስ ልጄ?»

«እኔ... ሽታውን አልችለውም» አለች ካንላያ፣ ቀና ሳትል።

የኢሳን ሰው ከማዕዱ በማያጣው በዚያ ዓሣ ያደገች ልጅ! ቡዋላይ ወደ ሙቀጫዋ ተመለሰች። የዘነዘናው ድምፅ ግን እየከበደ መጣ።

ምግቡ ሲቀርብ ቡዋላይን የቆየ ልማዷ አሸነፋት። የዶሮውን ክንፍ መርጣ ካንላያ ሳህን ላይ አኖረችላት። ካንላያ በድንጋጤ ጮኸች።

«ማን አዘዘሽ? ምግቤን አትንኪ!»

ዊሮት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ካንላያ! እናትሽን የምታህል ሴት እኮ ናት!»

«እኔ...»

«እናቴ ዛሬ የመጣችው ሽማግሌ ለማን እንላክ ብላ ልትጠይቅሽ ነው። እኔ ግን ሰው የምትንቅ ሴት አላገባም!»

 እውነቱ ከጥፋቱ ይብስ ነበር። ብትናገር ውሸቷ ይወጣል፤ ዝም ብትል ዊሮት ይሄዳል።

«ተዋት ልጄ» አለች ቡዋላይ ፈጠን ብላ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ...»

ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ላሳደገቻት ልጅ እጅ ልትነሣ ዝቅ አለች። ትልቅ ለትንሽ ቀድሞ እጅ ከነሣ የትንሹ ዕድሜ ያጥራል ይባላል። ካንላያን ያስጨነቃት ግን ዕድሜዋ አልነበረም። ያ ሽበት ለእሷ ሲጎነበስ ማየት አልቻለችም።

«አክስቴ፣ ተይ! በፈጠረሽ ተይ!»

ከወንበሯ ወርዳ የአክስቷ እግር ላይ ተደፋች።

«አክስቴ ናት... ያሳደገችኝ እሷ ናት! የኢሳን ልጅ ነኝ። ዘመድ የለኝም ያልኩት ውሸቴን ነው።»

 ዊሮት ፊቱ ቀላ። ወይዘሮ ሱፓኒ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አሳዳጊሽን ለአንድ ምሳ ብለሽ ከካድሽ፣ እኔ ሳረጅማ ምን ልትዪኝ ነው?»

 የመለሰችው ቡዋላይ ናት።

«የተካድኩት እኔ ነኝ። እኔ ያልተቀየምኩትን እርስዎ ምን ቤት ነዎት? ልጄ አፍራ ነው። ማፈርን ያስተማራትን ከተማ ይውቀሱ!»

«ወይ ምላስ!» አሉ ወይዘሮ ሱፓኒ። ደንግጠውም፣ ሳቅ ሳቅ ብሏቸውም ነበር። «አንተስ ዊሮት?»

«የትም ብትወለድ ለእኔ ምኔ ነው? ያቃጠለኝ መዋሸቷ ነው።»

«ብትሄድ አልፈርድብህም» አለች ካንላያ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

 ዊሮት ሊያነሣት እጁን ዘረጋ።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። ሁሉንም። አንዲት ውሸት ከጨመርሽ ግን...»

«አልጨምርም!»

ወይዘሮ ሱፓኒ ወደ ቡዋላይ ዞሩ፤ አሁን አነጋገራቸው ተለውጧል።

«እንግዲያው ልጅቷን የምንጠይቀው እርስዎን ነው። እዚሁ ይቀመጡና...»

«እዚህማ አይሆንም! ልጄ በሙቀጫ ጥግ አትጠየቅም። እዚያው ኢሳን፣ ያሶቶን፣ ከእናቴ ቤት ድረስ ትመጣላችሁ።»

«ኧረ ሩቅ ነው!»

«እኔ ከዚያ ድረስ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያመጣኋት» አለች ቡዋላይ። «እናንተ በመኪና ምን ያደክማችኋል?»

ሩዙ እንደታጨደ እናትና ልጅ ሽማግሌ ይዘው ወደ ያሶቶን ሄዱ።