የወርቅ ቤቱ ቀይ ድንጋይ

ወርቅ ሠሪው ዘነበ ረቡዕ ጠዋት ጓዳ ገብቶ አምፖሉን አበራ። ሳጥኑን ከፍቶ የወረቀቱን እጥፋት ሲገልጥ አረንጓዴው ድንጋይ የለም። በቦታው ቀይ ድንጋይ ተቀምጧል።

«ተሰረቅሁ!» ብሎ ሲጮህ ግማሹ የጅጅጋ ገበያ ሰማ።

የጠፋው የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ጋርኔት የሚባል የከበረ ድንጋይ ነበር። ጋርኔት መቼም ዓይነቱ ብዙ ነው። ቀዩ እንደ ልብ ስለሚገኝ በጭብጥ ይሸጣል። ብርቱካናማው ትንሽ ይከበራል። አረንጓዴው ግን ቤት ያሠራል፤ ዘነበም መኪናውን ሸጦ የገዛው አረንጓዴውን ነው።

የሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ዘነበ ኪስ፣ ሌላው ሱቁን ስምንት ዓመት በጠበቀችለት በደሃቦ እጅ። ሰፈሩ እንደ አክስት «ኢዶ» እያለ የሚጠራት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጩኸቱን ሰምቶ የገባው ጎረቤት ባለሱቅ አብዱልመሊክ ድንጋዩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ኢዶ ማልዳ ሳጥኑን ስትከፍት፣ አረንጓዴ ነገር በሻሿ ጫፍ ስትቋጥር በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

ፖሊስ ደሃቦን በገበያው መሃል ይዟት ሄደ። የልጇ የሳዳ ኒካ፣ የጋብቻ ሥርዓቱ፣ ለመጪው አርብ ተቆርጦ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሙሽራው ቤት መልእክት መጣ፤ «የሌባ ልጅ አንወስድም።»

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ንጋቷ ናት። ክፍሏ መስኮት የለውም፤ ቢጫ አምፖል ቀኑን ሙሉ ይበራል። መጀመሪያ የጠረጠረችው ድንጋዩን ከኤረር ያመጣውን ደላላ ሮብሌን ነው።

«ቀይ ሸጠህ አረንጓዴ ነው አልክ?»

«ወላሂ አረንጓዴ ነው! ደጃፉ ላይ ቆሞ ሦስቴ በፀሐይ ገለባብጦ ነው የገዛኝ። ራሱ ጠቅልሎ ራሱ ቆለፈ። ዘነበን ጠይቂው!»

ዘነበ እውነት ነው አለ። ሮብሌ ተለቀቀ፤ ደሃቦ ላይ ገመዱ ጠበቀ።

«ኢዶ፣ ድንጋዩን የት አደረግሽው?»

«አልነካሁም፣ ልጄ። ደግሞ ብሰርቅ ቀዩን ምን ብዬ እተካለሁ? ሌባ ባዶውን ትቶ ይሄዳል እንጂ መቼ ምትክ ያስቀምጣል?»

ንጋቷ ከዘነበ ጓዳ በወረቀት ተጠቅልሎ የመጣውን ድንጋይ አምፖሏ ሥር ገልጣ አየችው። ድንጋዩን በፖስታ አሸገችው፣ «አንድ ቀይ ድንጋይ» ብላ ጻፈችበት፣ ማህተም መታችበት፣ ካዝናዋ ውስጥ ቆለፈችው።

ከሰዓት በኋላ አብዱልመሊክ መጣ። «ያ ቀይ ድንጋይ እርባና የለውም። ጉዳዩ ሲያልቅ ለቀለበት እገዛዋለሁ። ዘነበም ትንሽ ይካስ።»

ደግ ጎረቤት ነው አለች ንጋቷ በልቧ። ፖሊስም አንዳንዴ ይሞኛል።

ሐሙስ ጠዋት የኤግዚቢት መዝገብ ያዧ ካውሰር፣ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛዋ ላይ ፖስታውን በንጋቷ ፊት ቀደደችው።

«ኢንስፔክተር፣ ፖስታው ቀይ ነው የሚለው። ይሄኮ አረንጓዴ ነው!»

ንጋቷ የተቀደደውን ፖስታ አንስታ አገላበጠችው። ማህተሙ አልተነካም ነበር። ካዝናውን ከእሷ በቀር የሚከፍት የለም። አለቃዋ ቢሰማ መጀመሪያ የሚይዘው ማንን ነው?

«እኔ አልለወጥኩትም!» አለች። የደሃቦን ቃል እየደገመች መሆኑ ወዲያው ገባት። «እኔ ካልለወጥኩት... ኢዶም አልለወጠችውም!»

ድንጋዩን ይዛ ወደ ክፍሏ ሮጠች። አምፖሉ ሥር እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ። መስኮቱ ጋ ተመለሰች፤ አረንጓዴ። ደግማ ሮጠች፤ ቀይ። ዘነበ በፀሐይ የገዛውን ድንጋይ ነው በአምፖል አይቶ «ተሰረቅሁ» ያለው።

«ሰይጣን አለበት እንዴ?» አለች ካውሰር።

«ሰይጣኑስ ሌላ ጋ ነው ያለው። አብዱልመሊክን ጥሩልኝ።»

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ኢዶ አረንጓዴ ድንጋይ ስትቋጥር አየህ?»

«በዓይኔ።»

«ድንጋዩ ከሳጥኑ አልወጣም። ይኸው።»

አብዱልመሊክ ወደ ድንጋዩ ዞር አላለም፤ መሬት መሬቱን አየ።

«እንደሚለዋወጥ መቼ አወቅህ?»

«ዘነበ ሲጮህ። አንድ ገዢ አዲስ አበባ እንዲህ የሚለዋወጥ ጋርኔት አሳይቶኝ ነበር። ዋጋው ከአረንጓዴውም ይበልጣል። በቀዩ ዋጋ ልወስደው...»

«ኢዶስ ምን አደረገችህ?»

«ምንም። ሌባ ካልተገኘ ዘነበ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያገላብጠዋል። ሌባ ከተገኘ ግን ድንጋዩን ማን ያየዋል?»

ንጋቷ ራሷ ሄዳ የደሃቦን በር ከፈተች። እፎይታው እሷንም እንባ እንባ አላት። ተጠርቶ የመጣው ዘነበ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲያጎነብስ ደሃቦ ትከሻውን ይዛ አቆመችው።

«ይቅርታህን እዚህ አታባክነው። በገበያ መሃል ነው ያስያዝከኝ፤ በገበያ መሃል መልሰኝ።»

ቀትር ላይ ሦስቱም ገበያውን አቋረጡ። ዘነበ በየሱቁ ደጃፍ እየቆመ፣ «ድንጋዬ አልጠፋም! ኢዶ አልሰረቀችም! ጥፋቱ የእኔ ነው!» ይላል። ንጋቷም የደንብ ልብሷን ለብሳ «እውነት ነው» ትላለች።

የሙሽራው አባት ማሃድ ከጨርቅ ሱቁ ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሻሻል።

«ኢዶ ደሃቦ፣ ይቅር በይን። አርብ... አርብ ናት?»

«ልጄን ጠይቃት።»

ሳዳ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ እናቷን እቅፍ አደረገቻት። ከዚያ ወደ ማሃድ ዞረች።

«አርብ ናት፣ አባ። ግን በመኪና አትመጡም። እንደ እናቴ ገበያውን በእግራችሁ ታቋርጣላችሁ።»

ገበያው በሳቅ ተንጫጫ። ደሃቦም ሳቀች፤ ሲይዟት ያልመጣው እንባ ከሳቋ ጋር ወረደ።