ሦስተኛዋ ቱቦ

«እሺ፣ የቱ ይሻላል?» አለ ረጅሙ ልጅ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን የጭስ ማውጫ እንደ አራስ ልጅ ጎንበስ ብሎ እያየ።

ከሞተሩ የሚወጡ አራት ቱቦዎች ናቸው፤ እየተጣመሙ መጥተው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ፋብሪካ የሠራቸው አይደሉም። የልጁ አሮጌ ቀይ መኪና የድሮው ጭስ ማውጫ ስለተሰነጠቀ፣ አጠገቡ የቆመችው ልጅ አባት በልኩ ቆርጦና በይዶ የሠራለት ነው። ብየዳው አልቋል። የቀረው ሙቀቱን የሚከለክል ልብስ ብቻ ነው። መኪናው ሲነዳ ቱቦዎቹ እሳት ይሆናሉ፤ ባዷቸውን ከተተዉ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሽቦና ላስቲክ ሁሉ ያቀልጣሉ። ስለዚህ ወይ ሙቀት የሚችል፣ ብር የሚመስል የሴራሚክ ቀለም ይቀባሉ፤ ወይ እሳት በማይበግረው ፋሻ ከላይ እስከ ታች ይጠቀለላሉ።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ አባቷ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ምላጬን ጠይቃት። የቀለምና የፋሻ ሚኒስትሯ እሷ ናት።»

‹ምላጭ› ያላት በምላሷ ምክንያት ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጋራዡ ውስጥ የምትገኝ ልጅ። ስለ ብየዳ የምታውቀውን ግማሹን ከአባቷ፣ ግማሹን ስልኳ ላይ ከምታያቸው ቪዲዮዎች ለቃቅማዋለች። ሰው ሲጠይቃት ደስ ይላታል። በተለይ እንደዚህ በዕድሜም በቁመትም የሚበልጣት ሰው ሲጠይቃት።

ዛሬ ግን ዓይኗ ሦስተኛዋ ቱቦ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ሌሎቹን ሦስቱን የበየደው አባቷ ነው። የእሱ ስፌት ጥሩ እጅ እንደጎነጎነው ሹሩባ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እኩል እየተኛ ይሄዳል። ሦስተኛዋ የእሷ ናት። እዚህ ጋ አብጣለች፣ እዚያ ጋ ቀጥናለች፣ መሀል ላይ መንገዷን ስታ ተመልሳለች። ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ፀጉር ነው የምትመስለው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ችግሩ የልጅቷ አፍ ነው። ትናንት ክፍል ውስጥ የረጅሙ ልጅ ታናሽ ወንድም፣ ያየውን ሁሉ ፎቶ ስለሚያነሳ ‹ካሜራው› የሚሉት፣ «የወንድሜን መኪና የሚሠሩት አባትሽ ናቸው አሉ» ቢላት፣ «አባቴ? አራቱንም ቱቦ የበየድኩት እኔ ነኝ!» ብላ አረፈችው።

ክፍሉ «ኧረ ባክሽ!» አለ። ካሜራው ግን ስልኩን እያወዛወዘ፣ «ጥሩ» አላት። «ቅዳሜ ወንድሜ ኮፈኑን ይከፍታል። እናየዋለን እቴ።»

ቅዳሜ የሰፈሩ መኪና ወዳድ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ መኪናውን አሰልፎ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የሚኮራበት ቀን ነው። ቱቦው ቀለም ከተቀባ ሁሉም ነገር ይታያል። ሦስቱ ሹሩባ፣ አንዷ ጨባራ። የአንድ ሰው እጅ አለመሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«ፋሻው ይሻላል» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በደንብ እንጂ! ሙቀትን እንደ ፋሻ አፍኖ የሚይዝ የለም። ደሞ ያምራል፤ የውድድር መኪና ነው የሚመስልልህ።»

አንዲትም ውሸት አልተናገረችም። ያስቀረችው ግን ነበር። ፋሻ ውኃ ይይዛል። የዝናቡንም የእጥበቱንም እርጥበት አቅፎ ይቀመጣል። የዚህ ቱቦ ብረት ደግሞ ቶሎ የሚዝግ ዓይነት ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ታክሲ ላይ አሮጌ ፋሻ ስትፈታ፣ ውስጥ ያለው ቱቦ እንደ ብስኩት እጇ ላይ ተፈርፍሯል። ባለታክሲው ጭንቅላቱን ይዞ የቆመው አቋቋም እስካሁን ከዓይኗ አልጠፋም።

አባቷ ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ካልሽ አለቀ!» አለ ረጅሙ፤ ፊቱ በርቶ። «ነገ መኪናውን ይዤልዎት እመጣለሁ ጋሼ።»

«በል ደህና ዋል።»

‹አንቺ ካልሽ› አለ። ልጁ ከሄደ በኋላም ቃሉ ጋራዡ ውስጥ ቀረ።

ፋሻ ደረቁን ከተጠቀለለ ብናኙ ቆዳ ያሳክካል። አባቷ ባልዲ ውስጥ ነከረው፣ ጨመቀው፣ ጫፉን አቀበላት።

«ከየትኛዋ እንጀምር?»

«ከሦስተኛዋ።»

መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የወጣ ይመስል ነበር። አባቷ ሳቁን ዋጥ አደረገው። እሱ ቱቦውን ያዘላት፤ እሷ አንድ ዙር አዞረች፣ ሁለተኛውን ደገመች። የፋሻው ውኃ በክንዷ ላይ እየወረደ ክርኗ ጋ ይንጠባጠባል።

«ስሚ እናቴ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ያቺ ስፌት አሳፍራሽ ከሆነ ሌላ መላ አለ። ቀለሙን እንቀባና የኔ ናት እላለሁ። ‹ዓይኔ ውስጥ ላብ ገብቶብኝ ነው› እላለሁ። የሽማግሌ እጅ ቢንሸራተት ማን ይፈርድበታል?»

እጇ ቆመ። ይሄ ሰው ለጎረቤት የአጥር በር እንኳ ሲሠራ፣ ያላማረውን ስፌት ፈግፍጎ አጥፍቶ እንደገና የሚበይድ ሰው ነው። ‹ማን ያየዋል?› ሲሉት ‹እኔ!› የሚል ሰው።

«አንተ?» አለች። «ማን ያምንሃል?»

«ለምን አልታመንም? ውሸት አልችልም እንዴ?»

«አትችልም። ጆሮህ ይቀላል።» አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች። «ደሞ እጅህ እዚያ ጋ አይገባም።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ! እስቲ አስገባ።»

አባቷ እጅጌውን ሰበሰበና መዳፉን በሁለተኛዋና በአራተኛዋ ቱቦ መሀል፣ የእሷ ስፌት ወደሚጀምርበት ጠባብ ቦታ ሰደደው። ጣቶቹ ገቡ። መዳፉ እንቢ አለ። በጎን ሞከረው፤ አዞረው።

«ኧረ ተቀረቀርኩ!»

«ዘይት ላምጣ ወይስ ግራይንደር?»

«ግራይንደር ትላለች ደሞ! ሳቂ፣ ሳቂ፤ አባትሽ እጁን ሲያጣ ትስቂያለሽ!»

በሳቅ ፈረሱ። እጁ ሲወጣ አንጓው ላይ ተልጦ ነበር። እፍ እያለበት ባልዲው አጠገብ ተቀመጠ።

«ለዚህ እኮ ነው የሰጠሁሽ» አለ። «መለማመጃ መስሎሽ ነበር?»

አዎ፣ መስሏት ነበር። ሊያስደስታት ብሎ የሰጣት መስሏት ነበር።

«ሞክሬ ሞክሬ እንቢ ሲለኝ ነው። ያንቺ ገባ። በዚያ ጥበት እጅ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚበየደው፤ ምን ይደረግ? ያፈስ እንደሆነ ለማየት ሳሙና ቀብተን ስንነፋበት አንዲት አረፋ ወጣች?»

«አልወጣችም።»

«እንግዲህ።»

እሷ እጇን አየችው። ቀጭን ነው፤ አንጓዋ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የነካት ቦታ ትንንሽ ነጠብጣብ ሠርቷል። ከዚያ ፋሻውን፣ ሁለተኛውን ዙር ቀጥሎም የመጀመሪያውን፣ ፈታችና ባልዲው ውስጥ ጣለችው። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ስልኳን አነሳች።

«ሄሎ? ስማኝ፣ ፋሻው ይቅር።»

«ምነው፣ የለም እንዴ?» አለ ረጅሙ።

«አለ። መኪናህን ደጅ አይደል የምታሳድረው? ፋሻው ውኃ ይዞ ቱቦውን ይበላብሃል። ቅድም መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩህም። ላንተ ቀለሙ ነው የሚሻልህ።»

«ታዲያ ለምን ፋሻ አልሽኝ?»

አባቷ መሳቢያ ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልጋል፤ ጆሮው ግን እሷ ጋ ነው።

«ቅዳሜ ስታየው ይገባሃል» አለችና ዘጋችው።

ቱቦውን በሽቦ ብሩሽ ፈተገችው፣ በቲነር አጠበችው። አባቷ ሊያገላብጥላት እጁን ሲዘረጋ ጮኸችበት። «አባዬ! በባዶ እጅህ እንዳትነካው! የጣትህ ቅባት ሲሞቅ ይታተምበታል።»

«እሺ አለቃ» ብሎ ጓንት ፍለጋ ሄደ።

ቀለሙን ስስ አድርጋ፣ እያደረቀች፣ ደጋግማ ነፋችው። ሦስተኛዋ ጋ ስትደርስ ቀለሙ አንዳች አልደበቀላትም። እንዲያውም እያንዳንዷ እብጠት ብርሃን ይዛ ጎልታ ወጣች።

ቅዳሜ ረጅሙ ሜዳው ላይ ኮፈኑን ሲከፍት ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ካሜራው ነው። ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን ለከበቡት የክፍል ልጆች ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ቆይ ቆይ፣ ይቺኛዋ ምን ሆና ነው? ሰክራ ነው?» አለ።

ልጆቹ ሳቁ።

«አራቱንም እኔ ነኝ አላልሽም ነበር?»

ምላሷ ላይ መልስ አልጠፋም። ካሜራውን ቤቱ እስኪገባ የሚያንገበግቡ ሦስት መልሶች ተሰልፈው ነበር። ግን ከልጆቹ ጀርባ የቆመውን አባቷን አየችው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ጆሮዎቹ ከወዲሁ ቀልተዋል፤ ሊናገር አፉን ከፍቷል።

ቀደመችው።

«ሦስቱ የአባቴ ናቸው» አለች። «ይቺ የኔ ናት።»

«ጠማማዋ?»

«ጠማማዋ።»

ካሜራው ስልኩን አነሳ። እሷም የራሷን አውጥታ መብራቱን አበራች፤ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብላ ወደ ሦስተኛዋ ቱቦ አስጠጋችው።

«በል አንሳት» አለችው። «በዚህ በኩል ነው በደንብ የምትታየው።»