የእድሩ ጓጉንቸር

ለሐዘን ቤት ትልቁን ድስት ሊወስዱ ጠዋት የመጡት ሴቶች የእድሩን አዳራሽ ተቆልፎ አገኙት። «ደግሞ ማን ዘጋው?» ተባባሉና ሊቀመንበሩን አቶ ገብረዋህድን ከለቅሶው ድንኳን አስጠሯቸው። ሽማግሌው እያጉረመረሙ መጥተው ጓጉንቸሩን ከፈቱ፤ በሩን ገፋ አደረጉ፤ ወዲያው ዞረው ሴቶቹ እንዳይገቡ በሁለት እጃቸው መንገዱን ዘጉ። ውስጥ የዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ዶክተር ፍሬአብ በደረቱ ተደፍቷል። የማጅራቱ ደም ደርቋል። የእድሩ ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል።

ኢንስፔክተር አረጋዊ ሲደርስ ሰማዩ ጠቁሮ፣ መንደሩ ዝም ብሎ ነበር። ካዛንቺስ ሲፈርስ የተረፉት ጥቂት ቤቶች በአጥር ቆርቆሮው ጀርባ ተጠጋግተው ቆመዋል። በላያቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ፋኩልቲው ያለበት የመስታወት ፎቅ ቁልቁል ያያቸዋል። ፋኩልቲው «ትምህርት ከማኅበረሰቡ ጋር» ብሎ ወደዚህ መንደር መውረድ ከጀመረ ቆይቷል። አስተማሪውም ተማሪውም በየቤቱ እየገባ ይጠይቃል፤ ነዋሪው ይመልሳል። በዚያ መልስ ስንቱ ማዕረግ ጫነበት። መላሹ ግን ያው በጭቃ ቤቱ ነው፤ የተናገረው ነገር የት እንደደረሰ እንኳ የነገረው የለም።

አረጋዊ ይህን ዓይነቱን ነገር በራሱ ቆዳ ያውቀዋል። ትናንት ሥራ ያሳያቸው ልጆች ዲግሪ ይዘው ተመልሰው ዛሬ ቢሯቸው ደጃፍ ላይ ያስቆሙታል።

አቶ ገብረዋህድ እጃቸው በካቴና ታስሮ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ኮንስታብል መርጋ ነገሩ እንዳለቀለት ሰው ነው የሚያወራው። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም በእሳቸው ኪስ ነው። ሐኪሙ ሞቱ ትናንት ከሰዓት ነው ብሏል፤ እሳቸውም ትናንት ከሰዓት ከድንኳኑ ወጥተው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሟቹን በሰው ፊት አዋርደውታል።

«ምን ብለው?» አለ አረጋዊ።

«'እንደ ላም አለባችሁን' ብለው።»

ሽማግሌው አልካዱም። ፍሬአብ ግን አልተቀየማቸውም፤ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ እሑድ ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር ለነዋሪው አነባለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸው፣ በዚያው ታርቀዋል። ትናንት የወጡት ተጨማሪ ወንበር ሊከራዩ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። ባለቤቱን አጡትና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መንገድ ላይ ያወቃቸው ሰው አልነበረም።

አረጋዊ ዓይኑን ወደ ትልቁ መደርደሪያ አነሣ። ባዶ ነው።

«ድንኳኑ የት ሄደ?»

«ተኽላይ ዐርፎብን እህቱ ደጅ ተክለነዋል። ትናንት ነው የቀበርነው።» ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ እስሩን አልፈራውም። እኔ ስንቱን ቀብሬያለሁ። በዚህ ስም ከሄድኩ ግን እኔን ማን ይቀብረኛል? አሁን እንኳ ሰው ፊቱን አዞረብኝ። አላየህም?»

አይቷል። ሴቶቹ ቆርቆሮው ጥግ ተጠጋግተው መሬት መሬት ያያሉ። ከድንኳኑ የመጡት ወንዶችም አንድ በአንድ ሰላም ሳይሏቸው ተመልሰዋል።

የሟቹ ረዳት ሉሊ የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ማለቴ፣ እሱ ያለው ቀላል ነገር ነው» አለች። «ሪሰርቹ ከመታተሙ በፊት ሰው የራሱን ቃል ይስማው፤ ተሳስተን ከሆነም ያርመን። በቃ።»

«ይህን ያልወደደ ሰው ነበር?»

ዓይኗ ወደ ፎቁ ሄዶ ተመለሰ። ጥናቱን የሠሩት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ነገረችው። ግማሹን ቤት ፍሬአብ አዳረሰ፤ ብቻቸውን የሚኖሩት አረጋውያን ደግሞ ለዲኑ ለዶክተር ቀለመወርቅ ደረሱ። የአረጋውያኑን ስም ያቀበለችው እሷ ራሷ ናት። የንባቡ ሐሳብ የተነሣ ዕለት ዲኑ ስብሰባ ረግጦ ወጥቷል።

ዲኑ ፎቁ ላይ ቢሮው ውስጥ አረጋዊን ተቀመጥ አላለውም።

«እኔ በእድር ላይ መጽሐፍ ጽፌያለሁ» አለው። «ይህ ሕዝብ ሲቆጣ አያመዛዝንም። አዳራሹ ምንጊዜም ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። የቀረውን አንተ ድረስበት። ለዚህ እንኳ ዲግሪ አያስፈልግም።»

አረጋዊ ዋጠው። መዋጥ ለምዷል። «እርስዎ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ፊልድ ነበርኩ። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ቤት። ከምሳ በኋላ ገብቼ አመሻሹ ላይ ወጣሁ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ማን ይኖራል? ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁለታችን ቁጭ ብለን ስናወራ ዋልን። እርጅና አለ፤ ረስተውት አልመጣም ቢሉህ አትፍረድባቸው።»

አረጋዊ ወርዶ የደብሪቱን ቤት አቅጣጫ ሉሊን ጠየቃት። እስከ መታጠፊያው ድረስ በእግሩ ሄደ። ከዚያ አላለፈም። ከሩቅ ያየው በቃውና ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሬሳው ተነሥቷል፤ የደሙን ቦታ ግን ማንም መርገጥ አልፈለገም፤ ዙሪያውን ቆሙ። ሴቶቹ ደፉ ላይ ታጎሩ።

«መርጋ፣ ካቴናውን ፍታላቸው።»

«ጌታዬ፣ ቁልፉ እኮ እሳቸው ጋ…»

«ስለ ቁልፉ ልነግርህ ነው።» አረጋዊ ጓጉንቸሩን አንሥቶ በመዳፉ ጨመቀው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ። «ቁልፍ የሚፈልገው ሲከፈት ነው። ለመዝጋትማ ማንም አላፊ ይዘጋዋል።» ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ጠዋት ተቆልፎ ስታገኙት ለምን ገረማችሁ?»

ጀማነሽ የምትባለው መለሰችለት። «ድንኳን ከወጣማ አይዘጋም። አንዱ ድስት፣ አንዱ አግዳሚ ሊወስድ ይመጣል። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ እዚያው ይንጠለጠላል። በለቅሶ ላይ ደግሞ ቁልፍ ፍለጋ ይኬዳል እንዴ?»

«አቶ ገብረዋህድ ይህን ያውቃሉ» አለ አረጋዊ። «ገዳይ ቢሆኑ እንደተከፈተ ይተዉት ነበር፤ መንደሩ በሙሉ አብሯቸው ይጠረጠር ነበር። የዘጋው ሰው ልማዱን አያውቅም። አዳራሹ ምንጊዜም ቁልፍ ነው ብሎ ያምናል። ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ ሲያየው ሽማግሌው ረስተውት መሰለው። ዘጋውና ሬሳውን እሳቸው ኪስ ውስጥ ከተተው። ባዶውን መደርደሪያ አይቶታል፤ ምንም አልነገረውም።»

ዲኑ ፈገግ አለ። «ይህ ግምት ነው። የት እንደነበርኩ ነግሬሃለሁ።»

«ደብሪቱ ቤት።»

«አዎ።»

«ብቻችሁን።»

«ብቻችንን አልኩህ።»

ደፉ ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ጀማነሽ አፏን ያዘች።

«ተኽላይ የደብሪቱ ወንድም ነው» አለ አረጋዊ ድምፁን ሳያነሣ። «ትናንት ከሰዓት ከቀብር ተመልሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው እሷ ደጅ ነው። ቤቷ መቆሚያ አልነበረውም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እርስዎ ግን ብቻዋን ትኖራለች የሚለውን ከሉሊ ሰሙ፤ ለምስክርነት የምትመች አሮጊት አገኘሁ አሉ።» ወደ ደፉ አየ። «ከእናንተ መሀል እኚህ ሰው ቤቱ ገብተው የሚያውቁት አለ?»

«ዛሬ ገና ነው ያየናቸው» አለች ጀማነሽ።

«አረጋውያኑ አሉ ተብሎ የተጻፈው ሁሉ እዚያ ፎቅ ላይ የተፈጠረ ነው። ፍሬአብ እሑድ ቢያነበው እያንዳንዱ ተነሥቶ 'እኔ አላልኩም' ይል ነበር። የዶክተር ቀለመወርቅ ዲንነትም መጽሐፉም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያልቅለት ነበር። ትናንት ሊያስተወው ወረደ። ፍሬአብ ግን አልተወም።»

ሉሊ ከዲኑ አጠገብ ራቅ አለች። ዶክተር ቀለመወርቅ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አላደረገውም።

«ለመንኩት» አለ። «እንደ ተማሪ ለመንኩት። እሱ ስለ ደብሪቱ ዓይነቱ ሰው ያወራኛል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ለእሑዱ ንባብ ከፋኩልቲው ያስመጣውን ወንበር ይደረድራል።»

መርጋ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። የዲኑን እጅ ሲይዝ «ይቅርታ፣ ዶክተር» አለው። አቶ ገብረዋህድን ጠዋት ሲያስር እንዲህ አላለም ነበር።

ሽማግሌው ያበጠ አንጓቸውን እያሹ በዝናቡ ወጡ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዷም ይቅር በሉን አላለች። አረጋዊ በሩቁ ተከተላቸው። አቶ ገብረዋህድ ጎንበስ ብለው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ፣ ጠዋት ሰላምታ የነሷቸው ወንዶች ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበርና ሁሉም ከየአግዳሚው ብድግ አሉ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተነሡለት ሰው «በእግዜር» ካላላቸው አይቀመጡም።

አቶ ገብረዋህድ አላሉም። መሀል ላይ ቆመው፣ ከባርኔጣቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ የቆሙትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያዩ ጀመር።